ባለቤቴን የተሸከመው ንፋስ

ሰኞ

በዚህ ከተማ ከእጄ ሳይጠገን የወጣ ብስክሌት የለም። ይህን በእስክሪብቶ ስለጻፍኩት አይፋቅም። እርግጥ አንዲት አረንጓዴ ብስክሌት ነበረች፤ እሷን ባለቤቷ ቸኩሎ ወሰዳት። ሌላም ነበረች፤ እሷ ከደጄ ተሰረቀች። የተሰረቀች ብስክሌት ግን አልተጠገነችም አይባልም፤ ሌባው እየነዳት ነው የሄደው።

ከማታ ትምህርትም አንደኛ ወጥቻለሁ። በመድረስ። ሱቄ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ የሚቀድመኝ አልነበረም። በንባብ ስንተኛ እንደሆንኩ መምህርቷ ስትናገር አስነጠሰኝና አልሰማሁም። በመጨረሻው ቀን ለሁላችንም ደብተር አደለችን። እጃችን ፊደሉን እንዳይረሳው በየቀኑ እንድንጽፍ ነው። «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» አለች። የማየው ጎማ ነው፤ ስለ ጎማ ምን ይጻፋል ብዬ ደብተሩን ቁም ሳጥን ላይ ጣልኩት።

ዛሬ ግን የሚጻፍ ነገር ቤቴ ድረስ መጣ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ከሸንተረሩ በላይ ያሉትን ቤቶች እየዞረች የምታክመው እሷ ናት። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይወጣም፤ በእግር ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው አዲስ የተራራ ብስክሌት ሰጣት። ኃላፊው እንዳለው ይህ ክረምት የሙከራ ነው። ብስክሌቱ ከሠራ የተራራው ዙር በእሷ እጅ ይቀጥላል። ካስቸገረ ወደመጣበት ይመለሳል፤ ዙሩ እስከ በጋ ይዘጋል፤ እሷም ካርድ ክፍል ትቀመጣለች።

«ካርድ ክፍል ከምቀመጥ ታምሜ ብተኛ ይሻለኛል» አለች።

ማክሰኞ

ሹካ ስል የመብሉን አይደለም፤ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት እግሮች ነው። ጉዱ ያለው እዚያ ነው። በማውቀው ብስክሌት ሁሉ እግሩ ውስጥ ሞላ አለ፤ ድንጋይ ሲመታው ይጨመቅና ይመለሳል። ይሄኛው ሞላ የለውም። ንፋስ ነው የሞሉበት። ጎማው ንፋስ፣ ሹካው ንፋስ። ባለቤቴን ንፋስ ላይ አስቀምጬ ወደ ገደል ልላክ?

አብሮት አንዲት ፓምፕ መጥታለች፤ ረጅም ቱቦ፣ ጫፏ ላይ የእጅ ሰዓት የመሰለ መለኪያ። መመሪያውም መጥቷል፤ ፊደሉ የሌላ አገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል ሳላውቅ ኖሬ፣ አንዱን ባወቅሁ ማግስት ሌላ አመጡብኝ። ሥዕሎቹን ግን አነበብኳቸው። ንፋሱ የሚሞላው በነጂው ክብደት ልክ ነው። ክብደትሽ ስንት ነው ብላት «ምነው፣ ልትሸጠኝ ነው?» አለችኝ።

አንደኛው እግር ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። ሰው ሲቀመጥበት እግሩ ይሰምጥና ቀለበቷን ይገፋታል፤ ሲወርድ እሷ እዚያው ትቀራለች። ምን ያህል እንደሰመጠ የምትመሰክረው እሷ ናት። ባለቤቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ወረደች፤ የነፍሰ ጡር ሆድ እንደምትዳብሰው ጣቶቿን ቀለበቷ የተገፋችበት ክፍተት ላይ አሳርፋ ለካች። «ሁለት ጣት» አለች። ሥዕሉም ላይ እንደዚያ ነው።

እኔ በመለኪያው ነው የምሄደው። ጣት ይሳሳታል።

ረቡዕ ጠዋት

ቱቦውን ገጠምኩ። የመለኪያዋ ቀስት ትናንት ካቆምኳት ዝቅ ብላለች። ሞላሁ። ስነቅለው ሽሽ አለ። ባለቤቴ ይዛው ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ሐሙስ ጠዋት

እንደገና ጎድሏል። የትናንቱን ያህል። ሞላሁ።

ዓርብ

ሌባ አለ። ግን ሐቀኛ ሌባ ነው፤ ሁልጊዜ እኩል ነው የሚወስደው። ዛሬ ጠዋት ለካሁ፣ ጎድሏል። ምሳ ልትበላ ስትመጣ ለካሁ፣ ጎድሏል። ማታም ጎድሏል። ዛሬ ተግቶ ሠራ ማለት ነው።

ንፋስ የሚገባበትን የቫልቮላውን አንገት አጠበቅሁት። ግራሶ ቀባሁት። ባለቤቴ ሲነዳ ምንም እንደሌለው ነገረችኝ። ድንጋይ ሲመታ እሺ ይላል፣ መልሶም ያነሳኛል፣ ያንተ ጓደኞች እንደሱ ቢሆኑ አለች። እሷ ነጂ ናት፤ ነጂ ምን ያውቃል? ባለፈው ክረምትም የድሮዋ ብስክሌት ምንም የላትም ስትል ነበር። ከዚያ በሸንተረሩ መንገድ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ የብስክሌቷ ሹካ ተቆረጠና የባለቤቴ ትከሻ ተሰበረ። የተቆረጠው ብየዳው ላይ ነው። የበየደውን ሰው እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ በዚህ ከተማ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል።

ሲዘንብ ትከሻዋን ይዛ ነው ከአልጋ የምትነሳው። ዛሬም ዘነበ።

ቅዳሜ

ከሱቄ ጎን አንድ ልብስ ሰፊ አለ። «ኢንጂነር» ይለኛል። ሊያሾፍብኝ ነው፤ እኔ ግን እቀበለዋለሁ፤ ማዕረግ ከየትም ይምጣ። ዛሬ ብስክሌቱን ሱቅ አምጥቼ ቱቦውን ስገጥም መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ፣ «ኢንጂነር፣ ይሄን ብስክሌት የሚነዳው ማነው? እሷ ስትነዳው አይቼ አላውቅም፤ አንተ ስትነፋው ነው የማየው» አለኝ። ሰው በበዛበት።

መጨረሻ ላይ የጎሚስታን ዘዴ አመጣሁ። ጎማ ሲያፈስ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሹካ አይነከርምና በሳሙና ውሃ ቀባሁት። ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። ከቫልቮላው ሥር አንዲት አረፋ ብቅ አለች። የምስር ፍሬ ታህላለች። አበጠች፣ ፈነዳች።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። «አሳየኝ» አለች። ፈነዳች አልኳት። ረዘም አድርጋ አየችኝ።

«እሺ» አለች።

እሺ ስትል ከምትጮህበት ቀን ይልቅ ያስፈራኛል።

እሑድ

ስለ እሷ ትንሽ ልጻፍ፤ ዛሬ ሥራ የለም፣ እሷም አላየችኝም፣ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ናት።

ይህቺ ሴት መርፌ ስትወጋ የተወጋው ሰው «መቼ ነው የምትወጊኝ?» ይላታል። ከሸንተረሩ በላይ ያሉ ሰዎች ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩ በእሷ አያስፈራሩም፤ ሌላ ቦታ ነርስ ማስፈራሪያ ናት። እግሩ የቆሰለ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ከእሷ በቀር ማንም ቁስሉን እንዲያይ አይፈቅድም፤ ልጁ እንኳ። እኔን ያገባችኝ ፊደል እንደማላውቅ እያወቀች ነው። በሠርጋችን ሳምንት ደብዳቤ መጥቶ ገልብጬ ይዤ «ደህና ናቸው» ስላት፣ ሳትስቅ ከእጄ ወስዳ አዞረችውና፣ «አዎ፣ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል» አለች። የማታ ትምህርት ሂድ ብላኝ አታውቅም። በር ላይ ፋኖስ ብቻ ሰቀለች፤ ስመለስ እንዳይጨልምብኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው በንፋስ ላይ የማስቀምጠው።

ማክሰኞ

ኃላፊው ጎማ ሊያስሞላ ሱቄ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሁት ነው፤ ሲያናግረኝ እርስዎ ይላል። አዲሱ ብስክሌት እንዴት ነው ሲለኝ አረፋዋን ነገርኩት። ባቄላ ታህላለች አልኩት። ሰው ሲሰማህ ነገር ያድጋል።

አዘነ። እኔ ባለሙያ ስለሆንኩ ቃሌን እንደሚቀበል፣ ሰው ሳይጎዳ ቢመለስ እንደሚሻል፣ በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ሲመጣ እንደሚጫን ነገረኝ። ባለሙያ አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ቤት ይዤ ገብቼ ለሦስት ቀን እበላው ነበር።

ወደ ቤት ስመጣ ስለ ካርድ ክፍሉ አሰብኩ። ካርድ ክፍል ጣሪያ አለው። ወንበር አለው። ጥምዝ የለውም። ማንም ከካርድ ክፍል ወድቆ ትከሻው አልተሰበረም።

ረቡዕ

ባለቤቴ ብስክሌቱ እንደሚመለስ ሰምታለች። ከእኔ ሳይሆን ከኃላፊው። አልተቆጣችም። ድንች እየላጠች ስለ አንዲት ሴት አወራችልኝ። የመጨረሻው ቤት ያለችው፣ መንታ ያረገዘችው። አንደኛው ልጅ ተገልብጧል፤ ቀኗ ደርሷል፤ በቃሬዛ ይዛችኋት ውረዱ ብትላቸውም መንገዱ ተንዷል። ላጠች፣ ላጠች፣ ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ብስክሌቱ ሲጫን ማን ይወጣላታል?»

ቱቦውን ይዤ ወጣሁና ለካሁ። ጎድሏል። ያንኑ ያህል።

ዓርብ ጠዋት፣ ቸኩዬ

ስልክ ተደወለ። ሴትየዋ ምጥ ይዟታል። ዝናብ። ባለቤቴ ሳጥኗን ከኋላ አሰረች። ፓምፑን ይዤ በር ላይ ቆምኩ፤ ልለካው ብዬ።

«አትንካው» አለች።

«የሚያፈስ ብስክሌት ይዘሽ አትወጪም።»

«ሰው ሊወልድ ነው።»

«ትከሻሽስ?»

ይህን ልላት አልፈለግሁም። ወጣ። ቆም አለች። የዝናብ ልብሷን ቆብ አስተካከለች፤ ከዚያ የእኔን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የትም አልሄድም እኮ።

«ለብየዳው አልተቀየምኩህም» አለች። «ተቀይሜህ አላውቅም። አሁን ከበሩ ዞር በል።»

ዞር አልኩ።

ዓርብ ማታ

አልመጣችም። ወንዙ ሞልቷል ይላሉ። ስልክ አይሠራም።

ቅዳሜ

የለችም። ልብስ ሰፊው ወንበሩን ወደ ሱቄ አምጥቶ እዚህ ሰፋ። ኢንጂነር አላለኝም። ሁኔታዬ ከፍቷል ማለት ነው።

እሑድ

ፓምፑን ሦስት ጊዜ አነሳሁት። የምገጥመው ነገር የለም።

ሰኞ

መጣች።

ከጭቃው የሚታየው ዓይኗና ጥርሷ ብቻ ነው። መንታዎቹ ሁለቱም ሴቶች ናቸው አለችኝ፤ እናትየውም ደህና ናት፤ የሁለተኛዋ ጩኸት ካንተ ጉራ ይበልጣል አለች። ውሃ ሞቅ አደረግሁላት። ሳትታጠብ ግን ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋ ጠራችኝ።

በየጠዋቱ ቀለበቷን ወደ ቦታዋ ገፍታ፣ ቀስ ብላ ተቀምጣ፣ ወርዳ በጣቷ ለክታለች። ሁልጊዜ ሁለት ጣት። ድንጋዩንም ጎርፉንም አልፎ አንድም ቀን አልወረደም።

ጣት ይሳሳታል አልኳት። ቱቦውን ገጠምኩ። ቀስቷ እንደልማዷ ዝቅ ብላ ቆመች። «ይኸው» አልኩ። አሸነፍኩ። ለምን እንዳላስደሰተኝ አላውቅም።

«ሙላው» አለች። ሞላሁ።

«ንቀለው።» ነቀልኩ። ሽሽ አለ።

«አሁን መልሰህ ግጠመው።»

ገጠምኩ። ማንም አልተቀመጠበትም። ማንም አልነካውም። ቀስቷ ያንኑ ያህል ወርዳ ቆመች።

ባለቤቴ ረጅሙን ቱቦ በሁለት ጣቷ ያዘች። «ይሄ ሲገጠም ባዶ ነው» አለች። «ከየት ነው የሚሞላው?»

ንፋሱ ከሹካው ወደ ቱቦው ይሄዳል። ስነቅለው ቱቦው ውስጥ ያለው ሽሽ ብሎ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ሹካው አፈሰሰ እላለሁ። በማግስቱ እገጥመዋለሁ፤ እንደገና ይሰጠኛል።

«አንተ ሰው» አለች፤ ድካሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጎት፣ «በየቀኑ ደም እየቀዳህ በሽተኛው ደም አነሰው ትላለህ።»

ዕድሜ ልኬን በብስክሌት ሥር ጎንበስ ብያለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ከሥሩም ከላዩም ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ባልዲ አምጥታ ብስክሌቱን ማጠብ ጀመረች። ውሃውን ለእሷ ነበር ያሞቅሁት። ሹካውን በሳሙና ቀባችው፤ ቫልቮላውን፣ አንገቱን፣ ሥሩን። ነጭ ሆነ። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሳሙናው ቀስ እያለ ወረደ። ምንም ብቅ አላለም። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሳሙናው ጥሩ ነው» አለችና ውሃ ደፋችበት።

ረቡዕ

መኪናው መጣ። ኃላፊው ከነሾፌሩ ሱቄ ፊት ቆመ፤ ብስክሌቱን ከዚያ ሊጭኑ። ልብስ ሰፊው ወጥቶ ለሾፌሩ ያስረዳዋል፦ አረፋው እንቁላል ያህል ነበር፣ እሱም በዓይኑ አይቶታል። ያን ቀን እሱ ሸሚዝ ሲለካ ነበር፤ ቀና አላለም። ግን እንዴት ውሸታም ልበለው?

ባለቤቴ ሳጥኗን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። አትናገርም። ኃላፊዋ ዘንድ ሄዳ ቀለበቷን ማሳየት፣ ቱቦውን ማስገጠም ትችል ነበር። አላደረገችም። ባለሙያ የተባልኩበትን ቃል ለእኔ ትታልኛለች።

ኃላፊው እጁን ኮርቻው ላይ አሳረፈ። ብስክሌቱ ምንም እንደሌለው ነገርኩት። ሾፌሩ ልብስ ሰፊውን አየ፤ ልብስ ሰፊው ክሩን አየ።

«ጠገኑት ማለት ነው?» አለ ኃላፊው።

«አዎ።»

«ምን አድርገው?»

«እጄን አንስቼ» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። የሙያ ሚስጥር መሆኑ ነው ብሎ ሾፌሩን ባዶውን መለሰው። ዙሩ እንደሚቀጥል ለባለቤቴ ነገራት። እሷም አመሰገነችው፤ መንገዱን ተሻግራ መጣች፤ ፓምፑን ከእጄ ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። እንደ ምላጭ ከልጅ እጅ።

ልብስ ሰፊው መኪናው ሲርቅ፣ «ኢንጂነር፣ እንቁላሏ ታዲያ የት ገባች?» አለኝ። ተፈለፈለች አልኩት።

ቅዳሜ

ሱቄን ዘግቼ እስከ መጨረሻው ጥምዝ ወጣሁ። በእግሬ። ስነዳ ተሰናክዬ እንዳልወድቅ ነው እንጂ ብስክሌት አጥቼ አይደለም። ወደዚያ ጥምዝ ካለፈው ክረምት ወዲህ አልሄድኩም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

ይህን ያህል ዘመን ብስክሌት ስጠግንላት፣ ስትነዳ በቅጡ አይቻት አላውቅም። ስትሄድ ጀርባዋን ነው የማየው፤ ስትመለስ ጭቃዋን።

ከላይ ብቅ አለች። ኮርቻው ላይ አልተቀመጠችም፤ ጉልበቷን ለቀቅ አድርጋ ቆማለች፤ ክርኖቿ እንደ አሞራ ክንፍ ወጣ ብለዋል። መንገዱ መንገድ አይደለም፤ ጎርፍ የተወው ድንጋይ ነው። የፊት ጎማው ድንጋዩን ሲመታ ሁለቱ እግሮች እሺ ብለው ገቡ፤ ተመለሱ፤ ገቡ፤ ተመለሱ። ከታች ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ አለ፤ ከላይ ግን ፊቷ ውሃ በብርጭቆ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ጸጥ ብሏል። ያ ሹካ ድንጋዩን ሁሉ ለራሱ ዋጠ፤ ለትከሻዋ አላስተላለፈም። እኔ የሠራሁት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ያልሠራሁት ሆኖም አመሰገንኩት።

ጥምዙ ላይ ደረሰች። ልቤ ቆመች። እሷ አልቆመችም። ወደ ውስጥ ዘንበል አለች፣ አለፈች፣ ከዚያ ነው ያየችኝ። ፍሬን ያዘች።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ንፋስ እየተቀበልኩ ነው አልኳት።

አብረን ወረድን፤ እሷ ብስክሌቱን እየገፋች፣ እኔ ሳጥኑን ተሸክሜ። የመንታዎቹ እናት ሰላም እንዳለችኝ ነገረችኝ። ባልሽ ነው የጠገነው አይደል ብላታለች። አንቺስ ምን አልሻት ስላት፣ አዎ አልኳት አለች። እንደዚያ ደብዳቤ።

ቅዳሜ ማታ

ደብተሩ ሊያልቅ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት፤ ጮክ ብዬ፤ እሷ ተኝታለች ብዬ። ጥሩ ተጽፏል። እንደኔ የጻፈ ተማሪ ይኖራል ብዬ አላምንም፤ የሌሎቹን ደብተር ባላየውም።

መምህርቷ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ ብላ ነበር። ጽፌያለሁ። ቀለበቷ እውነት ናት፣ ገልብጬ የያዝኩት ደብዳቤ እውነት ነው፣ የተሰረቀችው ብስክሌት እንኳ እውነት ናት። አንድ ነገር ብቻ አለ። ያን ቅዳሜ ሳሙናውን ቀባሁ፤ ጎንበስ አልኩ፤ ብዙ ጠበቅሁ። ለምን እንደጨመርኩ መምህርቷ ከጠየቀችኝ፣ ለጽሑፉ ማጣፈጫ ነው እላታለሁ። ባለቤቴ ግን እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ የምትጠይቀኝም አይመስለኝም።

አረፋዋ የምስር ፍሬም አታህልም ነበር። አልነበረችም።